«ጋሼ፣ ይሄ ሥራ ለእርስዎ ያንሳል»

ትናንት ይህችን ቃል ለአራተኛ ጊዜ ሰማኋት። እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ግን አልችልም፤ ልጻፈው።

ለአካውንታንት ሥራ ቃለ መጠይቅ ነበር የገባሁት፤ ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። መሐል የተቀመጠችው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት፤ በዕድሜ ከታናሽ እህቴ ታንሳለች። ስገባ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ። ወንበር ሳበችልኝ። ውሃ ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ሲቪዬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ የተመረቅኩበት ዓመት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። 1992 ዓ.ም.። ጥያቄ እየጠየቀችኝ እንኳን ጣቷ ከዚያች ቁጥር ላይ አልተነሳም። «ልጆች አሉዎት?» «ከወጣቶች ጋር መሥራት አይከብድዎትም?» «ኤክሴል ላይ እንዴት ነዎት?» ስለ ሂሳብ መዝጋት፣ ስለ ኦዲት፣ ስለ ግብር አንድም ጥያቄ አልመጣም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። እስከ በሩ ሸኘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር ይሄ ሥራ ለእርስዎ ያንሳል» አለችኝ።

ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ። በአክብሮት ሲያስወጡህ ግን ምን ትላለህ? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ።

ያንሳል ያለው ማነው? ማስታወቂያውን አንብቤ፣ ደመወዙን አይቼ፣ በእግሬ ሄጄ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። የቤት ኪራይ አለብኝ። የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አለብኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አስቤዛ የት እንደደረሰ የሚሸምት ሁሉ ያውቀዋል። የሚያንሰኝንና የሚበቃኝን የማውቀው እኔ ነኝ። ክብሩ ይቅርብኝና ሥራውን ስጡኝ።

49 ዓመቴ ነው። 24 ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁ። ሥራ ስጀምር ሌጀር (የሂሳብ መዝገቡን) የምንሞላው በእጅ ነበር። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ሲመጣ ተማርኩ። ግብር ማሳወቅ ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ሲዞር እሱንም ተማርኩ። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ድርጅቶች ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ይግቡ ሲባል ደግሞ፣ ማታ ማታ እያጠናሁ ቀን ቀን እየሠራሁ የአንድ ድርጅት ሂሳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሻግሬያለሁ። ዛሬ «አዲስ ነገር ለመልመድ አይከብድዎትም?» ተብዬ እጠየቃለሁ። ሙያዬ ራሱ ሦስት ጊዜ ሲገለባበጥ አብሬው ተገለባብጫለሁ እኮ!

ሥራዬን ያጣሁት በ2017 ዓ.ም. ነው። ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ገባን። በማግስቱ ጠዋት የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም ተባለ የሚል ዜና ሰማን። ለእኛ ግን ነገሩ 90 ቀን አልጠበቀም። የምሠራበት ፕሮጀክት በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን 5,000 ገደማ የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ ተዘግቧል። ሌሎቻችንን የቆጠረን አላየሁም። አካውንታንቱ፣ የፕሮግራም ኃላፊው፣ የሎጂስቲክስ ሰው፣ ሾፌሩ፣ ሁላችንም በአንድ ሰሞን ተበተንን። አብዛኞቻችን ደግሞ ከ40 በላይ ነን።

እና ማስታወቂያ ማሳደድ ተጀመረ። እሑድና ረቡዕ ሪፖርተር ጋዜጣ። በየሰዓቱ ቴሌግራም። አራት ኪሎ ሰሌዳው ስር ደግሞ ቆሜ አነባለሁ። ከ25 ዓመት በፊት እዚያው አካባቢ እንደዚሁ ቆሜ አንብቤ ነበር። አሁን ግራና ቀኜ የቆሙት ከልጄ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ናቸው። አንዱ «ፋዘር፣ ለልጅዎት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በቅንነት ነው የጠየቀው። «አይ፣ ለራሴ ነው» አልኩት። ደንግጦ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚል መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ አልቆጠርኩም። ይህ መስመር ምን ይሠራል? ሂሳብ በጉልበት አይሠራም። ጆንያ አልሸከም። 35 ላይ የሚያልቅ አካውንታንት የት አገር ነው ያለው?

ከዚህም የባሰ አለ። «ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት» ይላል ማስታወቂያው። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ የግል ድርጅት ነበር። ከ1993 እስከ 2000 ዓ.ም. ሰባት ዓመት አገልግያለሁ። ድርጅቱ ከተዘጋ ቆየ። ባለቤቱ አገር ለቋል። ያለኝ አንድ የልምድ ወረቀት ነው፤ ዳሩ ቢጫ ሆኗል፣ ማኅተሙ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የተቀመጠው ልጅ አየውና፣ «ግብር የሚል የለውም» ብሎ በመስኮቱ መለሰልኝ። በጊዜው ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም ነበር። አሁን ማኅተም የሚመታልኝ ከየት ላምጣ? የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ የዚያን ድርጅት ሠራተኞች የሥራ ግብር በየወሩ አስልቼ፣ ቼኩን ይዤ ሄጄ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ የምመለሰው እኔው ነበርኩ። ሰባት ዓመት! አሁን እንዳልሠራሁት ተቆጠረ። ልጁን አልፈርድበትም፤ መመሪያው ነው። መመሪያውን ያወጣው ሰው ግን በ20 ዓመት ውስጥ ድርጅት ሊዘጋ እንደሚችል አላሰበም።

ሕጉማ እስከ 60 ሥራ ይለኛል። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ጡረታ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የመጣው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ደመወዝ እየተቆረጠ፣ አሠሪውም እየጨመረ ቆየ፤ ድርሻው ቀስ በቀስ አድጎ የእኔ 7፣ የአሠሪው 11 በመቶ ደረሰ። እኔን ለመሰለ ሰው እያንዳንዱ ዓመት ዋጋ አለው፤ ጡረታው የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነውና። ሥራ ያጣሁበት ጊዜ ታዲያ የአሁኑን እንጀራ ብቻ አይደለም የነሳኝ። የ60 ዓመት እንጀራዬንም እየሸረፈው ነው። ጡረታ ለመውጣት 11 ዓመት ይቀረኛል። ለጡረታ ገና፣ ለሥራ አርጅቷል ተባልኩ። 11 ዓመት የት ልዋል?

መንግሥት ስለ ሥራ ሲያወራ ወጣት ነው የሚለው። በወጣት ፖሊሲው ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ነው። ለወጣቱ ይደረግለት፤ ልጆቼም ነገ እዚያው ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ግን ቤተሰብ ይዞ መንገድ ላይ ለቀረው የ45ና የ50 ዓመት ሰው ሥልጠናው የቱ ጋ ነው? ብድሩስ? እስካሁን አንድ ቦታ ብቻ «ከፍ ላለ ዕድሜ» የሚል ነገር አግኝቼ ስጠጋ የጥበቃ ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ጥበቃ የተከበረ ሥራ ነው። ግን 24 ዓመት የተማርኩት ሂሳብ ነው።

ይህን ሁሉ ለሰው ስታወራ የሚመጣው መልስ አንድ ነው። «ሰው የለህም እንዴ?» ይሉሃል። ዘመናዊው ደግሞ «ኔትዎርክህን ተጠቀም» ይላል። እሺ፣ አንድ ማታ ስልኬን ይዤ ስሞቹን ከ«ሀ» ጀምሬ አወረድኳቸው። ያስተማሩኝ አለቆች ጡረታ ወጥተዋል። ሁለቱ አርፈዋል፤ ቁጥራቸውን ማጥፋት አቅቶኝ እዚያው አሉ። እኩዮቼ ግማሾቹ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ናቸው። የቀሩት እንደ እኔው ሥራ ፈላጊ ናቸው። ወንበር ላይ ያሉት እኔ ያሠለጠንኳቸው ልጆች ናቸው። እነሱ ጋ ደውሎ «ሥራ ፈልጊልኝ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያልደረሰበት ሰው አይገባውም። የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ? የራስህ ተማሪ ፊት ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው።

ይሉኝታው እንዴት እንደሚገድል አንድ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ጉልበታችን ተነካክቷል። ንፍሮ ቢጤ በሳህን መሐላችን አለ። «አሁን የት ነህ?» አለኝ። «የግሌን ሞካክሬ ነው» አልኩት። ውሸቴን ነው። «አንተስ?» አልኩት። «እኔም እንደዚያው፣ የማማከር ሥራ» አለኝ። ንፍሯችንን ቆረጣጠምን፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን፣ ተለያየን። በወሩ ከሌላ ሰው ስሰማ እሱም ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ሲፈልግ ከርሟል። እኔ የማውቀው ለእሱ የሚሆን አንድ ክፍት ቦታ ነበረ። እሱም ምናልባት ለእኔ የሚሆን ያውቅ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን ተደባበቅን። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካሠለጠንኳቸው ልጆች አንዷ ጋ ለመደወል ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ የባንኩንና የድርጅቱን ሂሳብ ማመሳከር፣ ጎኔ ቁጭ አድርጌ ያስተማርኳት ናት፤ ዛሬ ፋይናንስ ማናጀር ሆናለች። ስደውል የመጀመሪያ ቃሏ «ጋሼ፣ ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?» ነበር። እሷ ጋ ቦታ አልነበረም። እውነቱን ግን ነገረችኝ። «ሲቪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለየው በምርቃት ዓመት ነው ጋሼ። ትልቅ ሰው ከሆነ ለማዘዝ ይከብዳል፣ ይታመማል፣ ነገ ወንበሬን ይወስዳል ብለው ይሰጋሉ። እርስዎም ዓመተ ምህረቷን ያጥፏት» አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው የመከረችኝ። ሞከርኩት። ኮምፒውተሩ ላይ 1992ን አጠፋሁ። ከዚያ 1993 ያለውም መጥፋት አለበት። ከዚያ 2000። ሳጠፋ ሳጠፋ የሆነ ቦታ ላይ እጄ ቆመ። ሁሉንም መልሼ ጻፍኩት። ሌሊት ስንት ጊዜ የሰው ሂሳብ ይዤ ያደርኩባቸው ዓመታት ናቸው፤ እንደ ጥፋት አልደብቃቸውም።

የምትቀጥሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ስሙኝ። ፈትኑን። የተዝረከረከ ሂሳብ ስጡንና ዝጉ በሉን። ከወጣቱ ካነስን እሱን ውሰዱ፤ ቅር አይለንም። «ያንሳል» ብላችሁ ግን ለእኛ አትወስኑልን። ካልተቀበላችሁንም በአንድ መስመር መልእክት «አልተመረጡም» በሉን። «እንደውልልዎታለን» ተብሎ ስልክ ታቅፎ ሦስት ሳምንት መክረም ምን እንደሚመስል ቤተሰቤን ጠይቁ። የልጄ ስልክ ሲጮህ እንኳን ሁላችንም እንዞራለን።

እኩዮቼ ደግሞ፣ እባካችሁ አንደባበቅ። ለቅሶ ላይ፣ እድር ላይ፣ ማኅበር ላይ ስንገናኝ እንነጋገር። ክፍት ቦታ ያየ ለሌላው ይላክ።

እኔ ልጀምር። ሥራ እፈልጋለሁ። 49 ዓመቴ ነው፣ በ1992 ዓ.ም. ነው የተመረቅኩት። ሂሳብ መዝጋት፣ በጀት፣ ግብር፣ ኦዲት ማስተናገድ፣ አይኤፍአርኤስ እሠራለሁ። ሲኒየር አካውንታንትም ቢሆን፣ አካውንታንትም ቢሆን እገባለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የትም፣ ክፍለ ሀገርም ከሆነ እሄዳለሁ። ቦታ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያ ለቅሶ ላይ የተቀመጥክ ወንድሜም ይህን ካነበብክ ደውልልኝ፤ ያ ቦታ እስከ ትናንት ድረስ አልተያዘም ነበር።