ሶኬቱን ንቀሉልኝ

ይህን ነገር ስንት ወር ሙሉ በሆዴ ይዤው ዞርኩ። ዛሬ ግን ልናገረው ነው። ባሕር ዳር የምትኖሩ፣ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኛ ጋር የምትሰበሰቡ ሁሉ እባካችሁ እስከ ታች አንብቡልኝ።

ሰው ተሰብስቦ ገና ማዜም ሲጀምር ሄዶ ሞንታርቦ የሚከፍተው ሰው ማነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው። በየቤቱ አንድ አለ። ሴቶቹ ጭብጨባ ሲጀምሩ፣ አንዱ ከበሮውን ሳብ ሲያደርግ፣ አንዲት እናት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ያ ሰው ገመድ ይዞ ሶኬት ፍለጋ ይነሳል። "እናድምቀው እንጂ!" ይላል። ደምቆ ነበርኮ! ሊደምቅ የጀመረውን ነው የገደልከው። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አያዜምም። ሁሉም ወንበሩ ላይ ይመለስና ስልኩን ያወጣል።

እኔ ማሲንቆ እመታለሁ። የምተዳደርበት አይደለም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ነው የምውለው። ያስተማረኝ አጎቴ ነው። እሱም አራሽ ነበር። ማታ ከብቶቹን አስገብቶ እሳት ዳር ይቀመጥና ማሲንቆውን ከግድግዳው ያወርዳል። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ መጀመሪያ እሳቱ አጠገብ ያዝ አድርጎ ያሞቀዋል፤ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ያዳምጠዋል። ከዚያ የደጋኑን ጭራ እጣን ይቀባዋል። እጣን ያልነካው ጭራ ይንሸራተታል እንጂ አይጮህም። እኛ ልጆቹ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለን እናያለን። ገና አንድ ዜማ ሳይወጣ ቤቱ ጸጥ ይላል። እናቴ ከጓዳ ሆና ትቀበለዋለች። አባቴ እያጨበጨበ አብሮ ያዜማል። የአባቴ ድምፅ ጥሩ አልነበረም። ግን "አንተ ዝም በል" ያለው ሰው አላስታውስም።

እኔ ሙዚቃን ያወቅኩት እንደዚያ ነው። ዘፋኝ እዚህ፣ አድማጭ እዚያ ተብሎ አልተከፈለም። ዛሬ ያወጣ ነገ ይቀበላል።

አሁን እሁድ እሁድ አራት ሆነን እንገናኛለን። አንዱ ጓደኛዬ ክራር፣ ሌላው ዋሽንት፣ እህቴ ከበሮ፣ እኔ ማሲንቆ። ገንዘብ አንጠይቅም፤ ሰው አናስቸግርም። ጣና ዳር ጥላ ሥር ቁጭ ብለን መጫወት ብቻ ነው የምንፈልገው። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ከዚህ ሁሉ ውሃ ዳርቻ ከተማችን ውስጥ አንዲት ጸጥ ያለች ጥግ አጣን።

ባለፈው ወር አንድ ቤት ሄድን። ዓሣ አዘዝን፤ ቡና አዘዝን። "እዚህ ብንጫወት ቅር ይላችኋል?" ብለን አስፈቀድን። "ኧረ ደስ ይለናል" አሉን። ክራሩ ተቃኘ። ትዝታ ጀመርን። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከራሳችን በላይ ዛፉ ላይ የተሰቀለው ስፒከር ጮኸ። አስተናጋጁን ጠራነው። "ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንስልን" አልነው። "እሺ ጋሼ" ብሎ ቀነሰው። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ተመልሶ ጮኸ። ደግመን ጠራነው። "ደንበኛ ነው የሚፈልገው" አለን። ዞር ብዬ አየሁ። ከእኛ ሌላ የነበሩት አንድ ባልና ሚስት ናቸው። እነሱም ክራሩን ለመስማት ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው ነበር።

ሂሳብ ከፍለን ተነሳን። ወደ ውሃው ወረድ ብለን፣ ደንገሉ አጠገብ ሣር ላይ ተቀመጥን። እዚያም ወጣቶች መጡ። ያ ሁሉ ቦታ እያለ ብሉቱዝ ስፒከራቸውን አጠገባችን አኖሩት። በጨዋ ደንብ ለመንናቸው። "እናንተም ተጫወቱ፣ እኛም እንስማ፣ ምን ችግር አለው?" አሉን።

ችግሩን ልንገራችሁ። ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው። ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ ድምፁን የምታገኘው በጆሮህ ነው። ጣትህ ለጥቂት ከሳተ ዜማው ይበላሻል። ክራሩ አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፤ የሚቃኘውም በሚያዜመው ሰው ድምፅ ልክ ነው። ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ከአምስት አንዷ ስትስት ሰው ሁሉ ይሰማታል። ዋሽንቱ ደግሞ አንድ ሸንበቆ፣ አራት ቀዳዳና የጓደኛዬ ትንፋሽ ነው። ራሴን ካልሰማሁ መምታት አልችልም። ጓደኛዬን ካልሰማሁት አብሬው መሄድ አልችልም። ስፒከሩ እኔን አይሰማኝም። ስፈጥን አይፈጥንም፤ ዝም ስል ዝም አይልም። ሰው ግን ይሰማል። አየት ያደርግሃል፣ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ያኔ አንተም ትፈጥናለህ። እሱም "አሃ!" ይላል። እሁድን በጉጉት የምጠብቀው ለዚች ነገር ነው።

አዝማሪ የሚጠሩትም ቢሆኑ ብዙ አልተሻሉም። ማሲንቆው ላይ ማይክ ይለጥፋሉ። ኢኮውን እስከ ጥግ ይከፍቱታል። ከጎን ኦርጋን የራሱን ከበሮ ይደልቃል። ግጥሙ አይሰማም። ግጥሙ ያልተሰማ አዝማሪ ምኑን አዝማሪ ሆነ? ሰሙ ሳይደመጥ ወርቁ ከየት ይመጣል? ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ እኮ በክራር ነው የሰው ልብ ውስጥ የገቡት። ድምፅ ከበዛ ሙዚቃ በዛ ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን የጥር ወሩ ሰርግ ነው።

የአጎቴን ልጅ ዳርን። መልሱ ሽምብጥ ነበር፤ ድንኳን ተጥሏል፣ ዘመድ አዝማድ ከየአገሩ ተሰብስቧል። ትልቋ አክስቴ ከዘጌ በጀልባ መጥተዋል። በወጣትነታቸው እሳቸው ያላወጡበት ሰርግ ሰርግ አይመስልም ነበር ይላሉ የሚያውቋቸው። ዛሬም ግጥም ከአፋቸው አይጠፋም። ማሲንቆዬን ይዤ የሄድኩት ለእሳቸው ብዬ ነው። "ዛሬ ግጥም ይስጡኛል" አልኳቸው። "አንተ ብቻ በደንብ ቃኘው" አሉኝ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ሰባት ሰዓት ሙሉ! ድንኳኑ ውስጥ ሰው የሚያወራው ጆሮ ላይ አፉን ደቅኖ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ የተገናኙ እህትማማቾች "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" መባባል አልቻሉም። እናቶች ጥግ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሦስት ጊዜ ሄጄ ዲጄውን ለመንኩት። "አንድ ዘፈን ብቻ፣ ከዚያ ለአንተ" ይለኛል። ያ አንድ ዘፈን አላልቅ አለ።

ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

ለአፍታ ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንዱ ሳቀ። ሻማ ተለኮሰ። ከጥጉ አንዲት ሴት ማጨብጨብ ጀመረች። እህቴ ከበሮውን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እኔም ማሲንቆዬን ከከረጢቱ አወጣሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጥግ የነበሩት እናቶች መሀል ገቡ። ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ እስክስታ ወረደች። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቃል ያልወጣው አጎቴ "እሰይ!" ብሎ ተነሳ። ከዚያ አክስቴ ወደ መሀል መጡ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉና "ተቀበል!" አሉኝ።

መሀል ጣና ገብቶ ሳይነካው አለፈ፣

ተቀበልኩ። ድንኳኑ በሙሉ አብሮኝ ደገመው። ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀለው ያልፋል ሲባል እየሰማ ያላደገ ልጅ እዚህ አገር የለም። ስለዚህ ሁሉም ሁለተኛውን ስንኝ ሊሰማ አንገቱን አሰገገ። አክስቴ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ።

መብራት መጣ። ሞንታርቦው ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

አክስቴ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ጥጋቸው ተመለሱ። ሮጬ ዲጄው ጋ ሄድኩ። "አጥፋው!" አልኩት። አልሰማኝም። ደግሜ ስጮህ "ሰው ይጨፍር እንጂ!" አለኝ። ሰው እየጨፈረ ነበር! ሙሽራዋ በባዶ እግሯ እየጨፈረች ነበር! እሱ ግን ጭፈራ ከእሱ ሳጥን ብቻ የሚወጣ መስሎታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስልኩንም ሳልናገር አላልፍም። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ እንኳ ስንቱ እጁን ሰቅሎ ይቀርጽ ነበር። ስልክ የያዘ እጅ አያጨበጭብም። አምስት ሰው ሲቀርጽ አምስት ተቀባይ ጎደለ ማለት ነው። አክስቴ ያቺን ስንኝ የሰጡት ለእኔና ለእናንተ ነው። እናንተ ደግሞ እዚያ ላልነበረ ሰው ልትልኩት ቸኮላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኼኛው ይከብደኛል። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ማሲንቆ ይወዳል። ጆሮው ከእኔ ይበልጣል፤ ስስት "አጎቴ፣ ወረደብህ" ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምረው ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ እንግዶች እያሉ ሲለማመድ አንዱ ትልቅ ሰው "ምነው፣ አዝማሪ ልታደርጉት ነው?" አለ። ሁሉም ሳቀ። ልጁ ማሲንቆውን አስቀመጠ። ለሁለት ወር አልነካውም። አዝማሪ የሚለው ቃል እኮ "ዘመረ" ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር ዘመድ ነው። በሰርጉ አዝማሪ ጠርቶ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፈው፣ ትዝታ ሲመታ ዓይኑ እንባ የሚያቀርረው ያው ሰው ነው ልጅ ላይ እንዲህ የሚናገረው። ልጁ ኪቦርድ ቢይዝ "ጎበዝ" ይሉት ነበር። እናቱ እንኳ ከበሮ እየመታች ያደገች ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ሰው ፊት ዝም አለች። እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

እኔ ዲጄ ይቅር አላልኩም። ወጣቱ ይጨፍር፤ እኔም እጨፍራለሁ። የምለምነው አንድ ሰዓት ነው። ምሳ ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት ሶኬቱን ንቀሉ። ከበሮ ከሌለ ጀሪካን አለ። ጀሪካን ከሌለ እጅ አለ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ታገሱ፤ ሰው ያፍራል፣ ዜማው ይንገዳገዳል፣ አንዱ ግጥም ይረሳል። እዚያች ላይ ነው ሁልጊዜ አንዱ ተነስቶ ሞንታርቦ የሚከፍተው። እሱን ሰው እጁን ይዛችሁ አስቀምጡልኝ።

በየካቲት አክስቴን ልጠይቅ ዘጌ ሄጄ ነበር። ያቺን ሁለተኛ ስንኝ ጠየቅኳቸው። "ጾም ገብቶ? ከፋሲካ በኋላ ና" አሉኝ። "ያንን ሳጥን ግን ይዘህብኝ እንዳትመጣ" ብለው አከሉበት።

ፋሲካ አለፈ። ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጅ ይዤ በጀልባ ተሻገርኩ። አክስቴ ከቡናው ጫካ ሥር ደጃፋቸው ላይ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ማሲንቆውን ቃኘሁና ለልጁ ሰጠሁት። መጀመሪያ አልያዝም አለ። አክስቴ አዩት። አጨበጨቡለት፣ ቀስ ብለው። ደጋኑን አነሳ። ጥቂት ከተጫወተ በኋላ እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ። "ተቀበል!" አሉት።

መሀል ጣና ገብቶ ሳይነካው አለፈ፣
አባይ ነው ወዳጄ ልቤን የዘረፈ።

ልጁ ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ደጋኑን አቆመና "እማማ፣ ወንዙ ነው የዘረፈዎት?" አላቸው። አክስቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ "ምታው፣ ምታው፤ ሌላ ልስጥህ" አሉት።