ጠቅላይ መምሪያው ኮዬ ፈጬ ነው

ኪየቭ በሦስት ቀን እንደምትወድቅ ያበሰረን ሞስኮ አይደለችም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር በሸራ የተከለለችው ጀበና ቡና ናት። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ታንኮች ድንበር ሲሻገሩ የእኛ ጄኔራል ቀድሟቸው ተሻግሮ ነበር። ጄኔራል የምንለው ጎረቤታችንን ነው፤ ማዕረጉን ሰፈሩ ነው የሰጠው። በአንድ እጁ ሲኒ፣ በሌላው ስልክ፣ ስልኩ ውስጥ ደግሞ «ሰበር ዜና!» እያለ የሚጮህ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ። የስኳር ዕቃዋን ኪየቭ አደረጋት፤ በከሰል ማንደጃው በኩል ከቤላሩስ ወረደ፤ ረከቦቱን ከበበው። «ሦስት ቀን!» አለ።

በዚያ ጠዋት ከቧንቧችን ውሃ ከጠፋ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር። ስለ ውሃው ግን ምንም አላለም። ትልቅ ሰው ከጀሪካን ጋር አይታገልም።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚያመሰግን ስለጠፋ እኔ ልጀምር። የሩሲያው ሪያ ኖቮስቲ የዜና አገልግሎት እንኳ አስቀድሞ ያዘጋጀውን የድል ጽሑፍ የካቲት 19 አውጥቶ፣ ነገሩ እንዳላለቀ ሲገባው ወዲያው አንስቶታል። የእኛ ጄኔራል አላነሳም። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ሦስቱን ቀን እየቆጠረ ነው። ጽናት ማለት ይህ ነው።

ከጽናቱ ይልቅ የማደንቀው ግን ነፃ አገልግሎቱን ነው። ሞስኮ ውስጥ «ጦርነት» ማለት አይቻልም፤ «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» ነው የሚባለው። ወረራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት በወጣው ሕግ፣ ስለ ሠራዊቱ «ሐሰት» ያወራ እስከ 15 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ይዞ አደባባይ የቆመ ሰው ሳይቀር ተይዟል። እንግዲህ የሞስኮ ሰው ምላሱን ቢሰበስብ አይፈረድበትም፤ 15 ዓመት ቀላል አይደለም። የእኛ ሰው ግን ማን አስገደደው? ፖሊስ አላንኳኳበትም፣ ደመወዝ አልተቆረጠለትም፣ ቋንቋውንም አያውቀው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ብሎ፣ በአንድ ሲኒ ቡና፣ ያውም በዱቤ፣ «ወረራ አትበሉ፣ ልዩ ዘመቻ በሉ» እያለ ያርመናል።

መዝገበ ቃላቱንም በደንብ አስጠንቶናል። ሚያዝያ 2014 «ሞስክቫ» የተባለችው ትልቅ የጦር መርከብ ጥቁር ባሕር ውስጥ ስትሰምጥ፣ ዩክሬን በሚሳይል መታኋት አለች። ሩሲያ ደግሞ እሳት ተነስቶ ጥይቷ ፈነዳ፣ ስትጎተት ማዕበል አሰጠማት አለች። ጄኔራላችን ሁለተኛውን መረጠ፤ እሳትና ውሃ ተስማምተው አንዲት መርከብ ሲያጠፉ ዩክሬን ብቻ የለችበትም። የሩሲያ ጦር ከካርኪቭ ዙሪያ በጥድፊያ ሲወጣ ደግሞ «ኃይልን መልሶ ማሰባሰብ» ተባለ። ቃሉ ጠቃሚ ነው። የጄኔራሉ ልጅ ማትሪክ ወደቀ ብለው የሚያሙ አሉ፤ አልወደቀም፣ ኃይሉን መልሶ እያሰባሰበ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ አስደንግጦናል። በቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም፣ የሩሲያ ታንኮች ላይ የተጻፈውን ዜድ ፊደል በትልቁ ጻፈ። እሱ ለድጋፍ ነው፤ ዳር አገር ለሚኖር ሰው ግን በር ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ትርጉሙ ሌላ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብሎኩ በሙሉ ካርታውን ይዞ ደረጃ ላይ ወጣ።

የዓድዋ ዕለት ደግሞ እንዴት አማረበት! የካቲት 23 ጋሻና ጎራዴ የታተመበት ካናቴራ ለብሶ፣ ጉንጩን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተቀብቶ፣ ለወራሪ ያልተንበረከኩትን አባቶች ሲያወድስ ዋለ። ማታ ኒውዮርክ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሩሲያ ትውጣ ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ 141 ደገፉ፣ 35 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ 5 ተቃወሙ። ከሩሲያ ጋር የቆሙት ቤላሩስ፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ሶርያና ኤርትራ ናቸው። እኛ ድምፅ አልሰጠንም። (መንግሥት የራሱ ስሌት ይኖረዋል፤ እኔ የማወራው ስለ ቡናው ነው።) ጄኔራሉ ካናቴራውን ሳያወልቅ፣ ቀለሙን ሳይታጠብ፣ «141ዱ ብቻቸውን ቀሩ» አለ። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባል የለ!

ከቡናችን ደንበኞች አንዱ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ናቸው። ሰፈሩ «ሩሲያ የተማሩት» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ለአርባ ዓመት «ካርኪቭ ነው የተማርኩት፤ ካርኪቭ ዩክሬን ነው» ሲሉ ኖረዋል፤ የሚሰማቸው አላገኙም። ያደሩበት ዶርም በየትኛው መንገድ ላይ እንዳለ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የቦምብ ዜና ሲመጣ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ጄኔራሉ የሩሲያን ውለታ ሲዘረዝር፣ የሶማሊያን ጦርነት ሲያነሳ፣ አንቶኖቭ ሲጠራ፣ ኢንጂነሩ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አንቶኖቭ ኪየቭ ነው የሚሠራው። በ1970ም የረዱን ዚያድ ባሬ ስለወረረን ነው። ወራሪ ለማስወጣት ነበር የመጡት።»

ቡናው ጸጥ አለ። ጄኔራሉ ስልኩን አየ፤ ጎርናናው ሰውዬ ለዚህ መልስ አላዘጋጀለትም ነበር። ከዚያ «ስንት ከፈሉዎት?» አላቸው። ሽማግሌው በማግስቱ አልመጡም። ይህም ድል ተብሎ ተመዘገበ።

ቀኖች አንዳንዴ ያላግጣሉ። ሰኔ 23 ቀን 2014 ሩሲያ ይዛት የነበረችውን የዩክሬን የእባብ ደሴት ለቃ ወጣች፤ ምክንያቱን ስትጠየቅ «የበጎ ፈቃድ ምልክት» አለች። ልክ በዚያው ሰኔ 23፣ በ1928፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ነበር። ጣሊያንም ጦርነት አላወጀችም፤ ባሪያ ነፃ ልታወጣ፣ ሥልጣኔ ልታመጣ ነበር የገባችው። ወደ 50 የሚጠጉ አገሮች አወገዟት፤ ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልነካም። የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለመንግሥት እንዲሰጡ ተደረገ። ንጉሡ አፋቸውን ሲከፍቱ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨት አዳራሹን አናወጡት። ጄኔራላችን ያኔ ስላልተወለደ አዝናለሁ፤ የፉጨቱን ጂኦፖለቲካ ይተነትንልን ነበር።

ሚያዝያ 2014 በሩሲያ ኤምባሲ ደጅ መቶዎች የውትድርና ማስረጃቸውን ይዘው የተሰለፉበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። ለሩሲያ ለሚዋጋ ደህና ደመወዝ አለ የሚል ወሬ ነበር፤ ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም አለ። በልጆቹ አልቀልድም። እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው የት አይሰለፍም? ጄኔራሉ ግን አልተሰለፈም። አመራር ከመምሪያው አይነቃነቅም።

የዘይት ዋጋ ሲሰቀል የምዕራባውያን ሴራ ነው አለ። ነሐሴ ላይ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ለተራቡ ወገኖቻችን ተጭኖ ጅቡቲ ሲደርስ ደግሞ በዚያ ሳምንት ስለ ኳስ ነበር የሚያወራው። ኳስም አላስደሰተው፤ ፊፋ ሩሲያን አግዷት ነበር።

ያ መገለል ነው የሚማርከው። ቪዛና ማስተርካርድ ሥራ አቆሙ፤ ጎሽ! የአውሮፓ ምክር ቤት አባረራት፤ ተገላገለች! ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ፑቲን ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ፤ ነሐሴ 2015 ጆሃንስበርግ የብሪክስ ስብሰባ ላይ በአካል ሳይገኙ በቪዲዮ ተናገሩ፤ ዘመናዊነት! ከሁሉም የወደደው የማክዶናልድስን ነው። ከ1982 ጀምሮ ሞስኮ ሲሸጥ የኖረው ድርጅት ጥሎ ሲወጣ፣ ሩሲያውያን ሱቆቹን ገዝተው አዲስ ስም ሰጧቸው። ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «ጣፋጭ ነው፣ አራት ነጥብ» እንደማለት ነው። ጄኔራሉ ይህን የሰማ ቀን እንባ አቀረረ።

ባለፈው ወር ቡና የምታፈላልን ልጅ የዱቤ ደብተሯን ዘረጋች። «ጋሼ፣ አሮጌው ሳይዘጋ አዲስ አልቀዳም» አለችው። የማዕቀብ ፖለቲካ ነው ብሎ ተነስቶ ከሚቀጥለው ብሎክ ሄደ፤ እዚያም ደብተር ነበረ። ሦስተኛዋ ሲመጣ እያየችው ጀበናዋን አነሳች። አሁን ሦስቱንም ያገለልኳቸው እኔ ነኝ ይላል። ጠዋት ጠዋት አራተኛ ፎቅ በረንዳው ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ራሱ ያፈላውን ቡና ያነሳል፤ አንዴ ፉት ይልና ፊቱ ይጨማደዳል። እኛ ታች ሆነን ቀና ብለን እናየዋለን።

«ጣፋጭ ነው!» ይላል ጮክ ብሎ። «አራት ነጥብ!»