«ከአቅም በላይ» የምትለው መስመር ለደሴና ለኮምቦልቻ ውል አትበቃም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውል የሚያጽፍ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቀድሞ የተዘጋጀ ቅጂ ነው። ራይተሩ (ውል ጸሐፊው) ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የዕቃ አቅርቦት ወይም የግንባታ ውል ከፍቶ ስሙን፣ ዋጋውንና ቀኑን ይቀይራል፤ ውል ሰጪና ውል ተቀባይ ሁለት ምስክር አቁመው ይፈርማሉ። ከመጨረሻዎቹ አንቀጾች በአንዱ «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል። የሚያነበው የለም፤ ቢያነበውም ምንም አይጨምርለትም፤ መስመሩ ባይጻፍም ሕጉ ይሠራልና። ችግሩ ሕጉ የሚጠይቀውን መመዘኛ ማሟላት በእኛ አካባቢ ከዓመት ዓመት እየከበደ መምጣቱ ነው። የመንገድ መዘጋትን፣ የኔትወርክ መቋረጥን፣ የነዳጅ መጥፋትን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ነጋዴ ዳኛ ፊት ቆሞ «አላሰብኩትም ነበር» ቢል የሚያምነው ማግኘቱ ያጠራጥራል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ጉዳይ ጠንካራ ነው። በቁጥር 1791 መሠረት ውሉን ያልፈጸመ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ካሣ ይከፍላል፤ የሚያመልጠው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንዳገደው ራሱ ሲያስረዳ ብቻ ነው። የማስረዳቱ ሸክም የሱ እንጂ የከሳሹ አይደለም። ቁጥር 1792 ሁለት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል። ክስተቱ በተለመደው አስተሳሰብ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል መሆን አለበት፤ ደግሞም ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ የማያስችል መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ሌላው አያድንም። ሥራውን ያከበደው ወይም ያስወደደው ብቻ ከሆነ ሕጉ ጆሮ አይሰጠውም።

ቁጥር 1793 ጦርነትን፣ የመንግሥት ክልከላን፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍን፣ ያልታሰበ የሌላ ሰው ድርጊትን፣ የባለዕዳውን (ግዴታ ያለበትን ወገን) ሞት ወይም ድንገተኛ ከባድ ሕመም ይዘረዝራል። ብዙ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ «ጦርነት ነበር» ማለት የሚበቃ ይመስለዋል። ዝርዝሩ ግን የሚሠራው እንደየሁኔታው ነው፤ ጦርነቱም ቢሆን በ1792 ወንፊት ማለፍ አለበት።

የ2014ን ነገር እናንሣ። ሁለቱ ከተሞች ጥቅምት 20 አካባቢ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው መንግሥት መልሶ መቆጣጠሩን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ከኮምቦልቻ መጋዘን ዕቃ አውጥቶ ደሴ ማድረስ የማይቻል ስለነበር «ፈጽሞ የማያስችል» የሚለው ነጥብ ብዙ አያከራክርም። አከራካሪው የመፈረሚያው ቀን ነው። በ2012 የተፈረመ ውልና በመስከረም 2014 የተፈረመ ውል እኩል አይታዩም። በመስከረም 2014 ወልድያ ተይዛ፣ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች የደሴ ትምህርት ቤቶችን ሞልተው ነበር። ያን እያየ በአንድ ወር ውስጥ አስረክባለሁ ብሎ የፈረመ ሰው አደጋውን እያወቀ ነው የገባበት የሚል ክርክር ይነሣበታል፤ ክርክሩም ውሃ ያነሣል። ክስተቱ ሊታወቅ ይችል ነበር ወይ የሚለው የሚለካው በተፈረመበት ቀን በነበረው እውቀት ነው።

ዛሬስ? በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ለማንም እንግዳ አይደሉም። «በጥቅሉ ሊዘጋ እንደሚችል አውቃለሁ፤ በዚያ ሳምንት እንደሚዘጋ ግን ማን ያውቃል?» የሚል መከራከሪያ አለ። መጥፎ መከራከሪያ አይደለም፤ የሚቀበል ዳኛም ሊኖር ይችላል። ግን ሚሊዮን ብር የያዘ ውል ለምን በዳኛ ሚዛን ላይ ይንጠልጠል? በሁለት መስመር ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው።

«ፈጽሞ የማያስችል» የሚለውም ቢሆን በእኛ ካርታ ላይ ሲታይ ወጥመድ አለው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ የሚመጣው መንገድ ቢዘጋ በአዋሽና በሚሌ ዞሮ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባ ሌላ መንገድ አለ። ዙሪያው ረጅም ነው፤ ነዳጁም የሹፌሩ አበልም ይጨምራል። ያኛው መንገድ ክፍት እስከሆነ ድረስ አጓጓዡ ወይም አቅራቢው ከአቅም በላይ ነበር ሊል አይችልም፤ ሕጉ ይህን የሚያየው እንደ ወጪ መጨመር ነው። በክረምት የሐረጎ ዳገት ላይ ናዳ ወርዶ የደሴና የኮምቦልቻ መገናኛ ለሁለት ቀን ቢቋረጥም፣ ለሁለት ቀን መዘግየት ምክንያት ይሆናል እንጂ ለሁለት ወር አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናብ መዝነቡን ደግሞ ምክንያት አድርጎ ኮንክሪት አልሞላሁም የሚል ተቋራጭ የሚሰማው አያገኝም።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ዋጋ ላይ ነው። ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርን፣ በድርጅቱ ወይም በዘርፉ የሚነሣ የሥራ ማቆምን፣ ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን በግልጽ ያስወጣቸዋል፤ ተዋዋዮቹ ራሳቸው በግልጽ ካልተስማሙ በቀር። ቁጥር 1764 ደግሞ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ቁጥር 1763ም ዳኛው በርኅራኄ ተነሥቶ ውሉን እንዳያሻሽል ይከለክለዋል። እዚህ ላይ ሕጉ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ከሚለው አባባላችን ብዙም አይርቅም።

በቁጥር እንየው። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ለደሴ ተቋራጭ 200 ኩንታል ባለ 12 ፌሮ በኪሎ 120 ብር ሊያቀርብ ተዋውሏል እንበል። ጠቅላላው 2.4 ሚሊዮን ብር ነው፤ 30 በመቶውን፣ ማለትም 720,000 ብር፣ ቅድሚያ ተቀብሏል። መንገድ 12 ቀን ተዘጋ። ሲከፈት ኪሎው 150 ብር ገባ። ነጋዴው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ጠቅልሎ «ከአቅም በላይ ነው» ይላል። ሁለቱ ግን ለየብቻ ነው የሚታዩት። መዘጋቱ፣ ከተሳካለት፣ 12 ቀን ያስገኝለታል። የ600,000 ብሩ ልዩነት የራሱ ዕዳ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በቋሚ ዋጋ የተፈራረሙ አስመጪዎችና አከፋፋዮች የገቡበት አጣብቂኝም ይኸው ነበር፤ ሕጉ በር አልከፈተላቸውም።

በሩን መክፈት የሚችሉት ተዋዋዮቹ ናቸው፤ 1794 ራሱ ይፈቅዳል። በዚያው ምሳሌ «ዋጋው በተፈረመበት ቀን ከነበረው እስከ 10 በመቶ ቢጨምር ሻጩ ይችለዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን እኩል ይካፈላሉ» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ሻጩ የመጀመሪያውን 12 ብር ይችላል፤ ያም 240,000 ብር ነው። የቀረው 18 ብር በ20,000 ኪሎ ሲባዛ 360,000 ይሆናል፤ ለሁለት ሲከፈል ለየራሳቸው 180,000። ሻጩ 420,000፣ ገዢው 180,000 ይሸከማል። ማንም አልተደሰተም፤ ግን ማንም አልከሰረም፤ ፍርድ ቤትም አልተኬደም። «ዋጋው» የሚለው ከየት እንደሚወሰድ ግን መጻፍ አለበት፦ ከፋብሪካ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ነው ወይስ በስም ከተጠቀሱ ሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ አማካይ? ይህ ካልተጻፈ አንቀጹ ራሱ አዲስ ጠብ ይወልዳል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት በዓይነት የታዘዘን ዕቃና ተለይቶ የታወቀን ዕቃ ማምታታት ነው። «100 ኩንታል ነጭ ጤፍ» የሸጠ ሰው መጋዘኑ ቢዘረፍ ጤፍ ከሌላ ቦታ እስከተገኘ ድረስ አይድንም። «በእገሌ መጋዘን ያለውን ይህን ክምር» ብሎ የሸጠ ግን ክምሩ ከጠፋ ማስረከብ አይችልም። ቢሆንም በቁጥር 1758 መሠረት እስኪያስረክብ ድረስ የመጥፋት አደጋው የራሱ ነው፤ ከካሣ ይድናል እንጂ ዋጋውን አይጠይቅም። ገዢው ተጠርቶ አልረከብም ብሎ ዘግይቶ ከሆነ አደጋው ወደ ገዢው ይዞራል። የገንዘብ ዕዳማ ጨርሶ የማይቻል ሆነ ማለት ይከብዳል። ዘግይቶ የከፈለ፣ ውሉ ከፍ ያለ ካልወሰነ፣ የሕጉን 9 በመቶ ወለድ ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰው የሚሸነፈው በማስረጃና በማስታወቂያ ነው። ባለዕዳው የገጠመውን እንቅፋት ሳይዘገይ ለባለገንዘቡ (ግዴታው ለሚፈጸምለት ወገን) ማስታወቅ አለበት፤ ዝም ብሎ ቆይቶ በዝምታው የባሰ ጉዳት ካደረሰ እሱን ይከፍላል። ገዢው በሦስተኛው ቀን ቢነገረው ኖሮ ከሌላ ሱቅ ይገዛ ነበር፤ በሃያኛው ቀን ሲነገረው ግን ሠራተኛ በባዶ አስቀምጦ ከፍሏል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ምን እንደተፈጠረ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የትኛውን ግዴታ እንዳገደ፣ ምን አማራጭ እንደተሞከረና እስከ መቼ ይቆያል ተብሎ እንደሚገመት ይናገር። ተቀባዩ ቅጂው ላይ ይፈርም፤ እምቢ ካለ በአደራ ደብዳቤ ይላክ። ቴሌግራም ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይተማመኑበት፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ለማስረጃ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ፣ ከፖሊስ፣ መብራት ከሆነ ከአገልግሎቱ ቢሮ፣ ቀኖቹን ለይቶ የሚጽፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። «በአካባቢው የጸጥታ ችግር ነበር» የምትል ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ብዙ አታስኬድም። ከየት እስከ የት፣ ከስንት እስከ ስንት ተዘጋ? ውሉን የሚመለከተው መኪና የት ቆመ? የመጫኛ ሰነዱ፣ የሹፌሩ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የማደሪያ ክፍያው ከደብዳቤው ይልቅ ይናገራሉ። ርክክቡ በ5 መሆን ሲገባው መንገዱ የተዘጋው በ15 ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ቢደረደርም ዋጋ የለውም፤ ያገደው መንገዱ ሳይሆን የራሱ መዘግየት ነው።

ምክንያቱ ተቀባይነት አገኘ ማለት የተቀበሉት ገንዘብ ይቀራል ማለት አይደለም። ውሉ ሲሰረዝ ወገኖቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ (ቁጥር 1815)፤ 720,000ውም ይመለሳል። ቀብድ ከሆነ ሌላ መልክ አለው፦ የሰጠው ከተወ ያጣዋል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ይህ ግን በፈቃዱ ለተወ ነው፤ መንገድ የተዘጋበትን ሰው እጥፍ መጠየቅ ከሕጉ መንፈስ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ» እንደተባለ አስቀድሞ ማየት ነው።

ታዲያ ያቺ አንድ መስመር ወጥታ ምን ትተካ? ለዚህ አካባቢ የዕቃ አቅርቦት ውል እንዲህ ያለ አንቀጽ ይበጃል፦

«ተዋዋዮች ውሉን ሲፈርሙ የመንገድ መዘጋት፣ የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ፣ የነዳጅ እጥረት ሊያጋጥም እንደሚችል ያውቃሉ። ቢሆንም ከእነዚህ አንዱ ርክክቡን ከ24 ሰዓት በላይ ካገደ፣ የታገደው ወገን በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካስታወቀ፣ የርክክቡ ቀን በታገደበት ልክ ይራዘማል፤ ለዚያ ጊዜ የመዘግየት ቅጣት አይታሰብም። አማራጭ መንገድ ክፍት ከሆነና ገዢው በጽሑፍ ከጠየቀ ዕቃው በዚያ ይመጣል፤ የተጨመረውን የማጓጓዣ ወጪ እኩል ይከፍላሉ። እገዳው በተከታታይ ከ45 ቀን ካለፈ ከሁለቱ አንዱ በጽሑፍ አስታውቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ያልተረከበ ዕቃ ቅድሚያ ክፍያ በ15 ቀን ይመለሳል።»

ቁጥሮቹ እንደ ሥራው ይቀየራሉ፤ ለቲማቲም 24 ሰዓት ረጅም ነው፣ ለፌሮ አጭር ነው። «ያውቃሉ፤ ቢሆንም» የምትለው ግን አትውጣ፤ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው የሚለውን መከራከሪያ የምትዘጋው እሷ ናት።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚዋዋል ሰው ትንሽ የተሻለ ቦታ አለው። ለአስተዳደር ውሎች ሕጉ ከቁጥር 3183 ጀምሮ፣ ያልታሰበ ሁኔታ የውሉን የኢኮኖሚ ሚዛን ሲያናጋ ተቋራጩ የወጪ እገዛ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያለው የማስታወቂያ ቀን ግን ካለፈ ይህም መብት ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባል። ኢንሹራንስን የሚተማመንም ፖሊሲውን ገልጦ ይይ፤ መደበኛው የእሳት ዋስትና ጦርነትን አይሸፍንም፣ የፖለቲካ ብጥብጥና የሽብር ሽፋን ለብቻው ይገዛል።

ከመፈረም በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈለግ፦ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ቢያጋጥምም ኃላፊ ነኝ» የሚል። በቁጥር 1886 መሠረት እንዲህ ያለ ስምምነት ሕጋዊ ነው፤ አንዳንድ ውሎች መሐል ላይ ሳይታሰብ ተሰክቶ ይገኛል። ከተፈረመም በኋላ ቀን ሲራዘም በስልክ አይለቅ። ውሉ በሕግ ወይም በስምምነት በጽሑፍ እንዲሆን ከታሰበ ማሻሻያውም በዚያው መልክ መሆን አለበት። ግማሽ ገጽ ወረቀት፣ የመጀመሪያው ውል ቀን የተጠቀሰበት፣ አዲሱ የርክክብ ቀን በፊደልም በአኃዝም የተጻፈበት፣ ሁለት ምስክር የፈረሙበት፤ ዋናው ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ከነበረ እሱም እዚያው ይቅረብ።