ኧረ ቢትን ከባይት ለዩልን!

የዳያል አፕ (በስልክ መስመር እየደወሉ ኢንተርኔት የሚገቡበት መንገድ) ነገር በተነሳ ቁጥር «በሰከንድ 56 ኪሎባይት ነበር እኮ» የሚል አይጠፋም። አልነበረም! 56 ኪሎቢት ነው። ባይት 8 ቢት ነውና ለ8 ስታካፍሉት 7 ኪሎባይት ይወጣል፤ እሱም በወረቀት ላይ። አሜሪካ ውስጥ በስልክ መስመር በሚፈቀደው የሲግናል ኃይል ገደብ የተነሳ ጣሪያው 53.3 ኪሎቢት ነበር። በተራ መስመር ከ40 በላይ ከተገኘ ደህና ነው። 5 ሜጋባይት ዘፈን ሩብ ሰዓት መፍጀቱ የሞደም (ኮምፒዩተሩን ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ብልሽት ሳይሆን ሒሳቡ ራሱ ነው።

የሚያንገበግበው ደህናውን ሞደም «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል ነው። ካርቶኑ ላይ 56ን አግዝፎ የጻፈው ሻጭ፣ ቪ.90 (ባለ56ቱ የሞደም ደረጃ) ሞደም ፋይል ሲልክ ከ33.6 እንደማያልፍ ለምን አይናገርም? 56 የሚባለው ወደ እናንተ በሚወርደው በኩል ብቻ ነው። ያውም የአገልግሎት ሰጪው ጫፍ ዲጂታል ሆኖ፣ በመንገዱ ላይ ወደ አናሎግ (እንደ ድምፅ የሚወዛወዝ ሲግናል) የሚለወጠው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ! አንዱን ሽቦ ለሁለት ቤት የሚያካፍል መሣሪያ መሐል ከገባ ለውጡ ይደጋገማል፤ ያኔ ምርጥ ሞደም ቢገዛም ከ33.6 አያልፍም።

ስክሪኑ ላይ «115,200» ሲል የሚደሰትም አለ። እሱ በኮምፒዩተሩና በሞደሙ መካከል ያለው ፍጥነት ነው፤ የስልክ መስመሩን አይመለከትም።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት መስመሩን ስሙት እንጂ! የስልኩን እጀታ አንሡና አንድ ቁጥር ብቻ ንኩ፤ ድምፁ ጸጥ ሲል የ«ሽሽሽ» ድምፅ ወይም መንጫጫት ከተሰማ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። በዚያው መስመር ላይ የተሰኩትን ሌሎች ስልኮችና ማከፋፈያዎች ንቀሉ፣ ሞደሙን በአጭር ገመድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ ከዚያ እንደገና ደውሉ። ሁለተኛ ጥሪ ሲመጣ የሚያንጫርረው አገልግሎት ካለም አስዘጉት፤ ያቺ ድምፅ ብቻዋን ግንኙነቱን ልትቆርጥ ትችላለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎ 46 እየያዘ በየአምስት ደቂቃው የሚቋረጥ ከሆነ ቪ.90ን አጥፍታችሁ በቪ.34 (ከ33.6 በማያልፈው የቀድሞ ደረጃ) አገናኙት። ሳይቆረጥ የሚቆይ 31.2፣ ፋይሉን ከዜሮ ከሚያስጀምር 46 ቀድሞ ያደርሳችኋል።