ሐኪም አዞልህ ነው?

በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው የሚታወቀው ከወንበሩ ባለመነሳቱ ነው። ውሃው ጠረጴዛው ላይ፣ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል። እሱ ግን «አንተ ልጅ!» ብሎ ይጣራል። ልጁ ኳሱን ሜዳ ላይ ጥሎ፣ አጥር ዘሎ ይመጣል። ጆጉን ያነሳል፣ ይቀዳል፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይሰጣል። «እደግ!» ይባላል። ልጁም ያድጋል። ጣጣው ያለው ካደገ በኋላ ነው።

ታናሽ ይወለድለታል። ያ ታናሽ ሱቅ ደርሶ መመለስ የቻለ ቀን ታላቁ ጡረታ ይወጣል። እድሜው ገና ዐሥራ ሁለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። የእያንዳንዱ ቤት የመጨረሻ ልጅ ይህን ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ዳቦ ግዛ። ሽንኩርት አምጣ። እትዬን ቡና ደርሷል በላቸው። ኧረ ሳትቀመጥ በዚያው ካርድ ግዛልኝ። ለአዋቂውም ቁጥር አለው፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ። አባወራው ይህን በውክልና ያሠራል።

አጥንት ግን ውክልና አይቀበልም። እንደ ባንክ ደብተር ነው። ገቢው የሚበዛው በልጅነትና በጉርምስና ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ላይ ጣሪያው ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ባመዛኙ ወጪ ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ ከማረጥ በኋላ ወጪው ይፈጥናል። ጡንቻም ሥራ ከፈታ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። እኛ ደብተሩን ለማየት የምንሄደው በሃምሳ አምስት ዓመታችን ነው፤ ለዚያውም ሐኪም ሲቆጣን።

ካላመናችሁ የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ እዩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቶች ይሰግዳሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይሰግዳሉ። አጠገባቸው ያለው ደረተ ሰፊ ጎረምሳ ሃያኛዋ ላይ ሲደርስ ስልኩን ያወጣል፤ ተደውሎለት ነው። በማግስቱ ደረጃ የሚወርደው ጎን ለጎን ነው፣ ብረቱን ይዞ። እናቶቹ ያን ቀን ቄጠማቸውን ራሳቸው ላይ አስረው ለዶሮው ሽንኩርት ሲልጡ ይውላሉ። ማንም የስፖርት ፕሮግራም አላወጣላቸውም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዱካ ላይ ሲቀመጡና ሲነሱ ኖረዋል። ሶፋ የመጣው እነሱ ከጠነከሩ በኋላ ነው።

ባሕር ዳር ደግሞ ሰበብ የማትሰጥ ከተማ ናት። ሜዳ ናት። ዘንባባው ጥላ ነው። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ተማሪው በብስክሌት ሥራ ሲገባ ኖሯል። ዛሬም አለ፤ ግን ገንዘብ እስኪይዝ ነው። ትንሽ ሲይዝ ሁለቱን ጎማ ትቶ በሦስት ጎማ ይሄዳል፤ ባጃጅ ማለቴ ነው። ሲጨምር አራት ጎማ ይገዛል። አራቱ ጎማ ላይ ዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ሐኪሙ ጂም ግባ ይለዋል። እዚያ የሚጠብቀው ጎማ የሌለው ብስክሌት ነው። በየወሩ እየከፈለ ይረግጠዋል። በመስኮቱ በኩል ጣና ይታየዋል። አይደርስበትም።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። ለእግረኛም ለብስክሌትም ቦታ ተትቶለታል። የእግረኛው መንገድ ሰው አይጠፋበትም። ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በለንደን ባለፎቅ አውቶብሶች ሠራተኞች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ ፎቁን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ በሽታ በትኬት ቆራጮቹ ላይ አነሰ። ሞሪስ ራሱ 99 ዓመት ኖሯል። ይህን ለአንድ የባጃጅ ሹፌር አጫወትኩት። ጥቂት አሰበና «እኛ እኮ ረዳት የለንም» አለኝ። «ታዲያ ማን ሊተርፍ ነው?» የሚኒባሱን ረዳት ጠይቁት ደግሞ፤ የሚመኘው አንድ ነገር ነው። ሹፌር ሆኖ መቀመጥ።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወጣት ሞልቷል። የጎደለው ፈቃድ ነው። እኛ ዘንድ ጤናን መጠበቅ የሚፈቀደው ለታመመ ሰው ብቻ ነው። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ በእግሩ ሲሄድ የታየ እንደሆነ «ምነው፣ ሳንቲም አጠረህ?» ይባላል። የስድሳ ዓመት ሰው በዚያው መንገድ ሲሄድ «ሐኪም አዞላቸው ነው» ይባልና መንገድ ይለቀቅላቸዋል። ጮማ አልበላም ያለ ጎረምሳ ተጠርጣሪ ነው። ወረቀት ያሳይ።

ኪሎ ላይማ ጭራሽ ተገላብጦብናል። የከሳ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። የወፈረው «ተመችቶሃል!» መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደንበኛው መልሱን ሳይቀበል ይሄዳል። ግፊትህንም ተለካ ብትሉት «ምን አሞኝ?» ነው መልሱ። ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ እንደሚኖር ብትነግሩት «ታዲያ ከኖረ ምን አገባኝ» ይላችኋል።

የማውቀው አንድ ወጣት መምህር አለ። ስለ ስኳር አነበበ። ምግብና መጠጥ ውስጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። በእኛ አቀዳድ ሁለት ብርጭቆ ሻይ። ልጁ ቆረጠ። ጎረቤት ቡና ተጠርቶ ሄደና «ለእኔ ያለ ስኳር» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ስኳር አለብህ እንዴ?»

ቢያስረዳ ማንም አይሰማውም። ለመገላገል «አዎ» አለ። ያለ ስኳር ተቀዳለት። ደስ አለው፤ ዘዴው ሠራ። እንዲያውም በማግስቱ ሲሮጥ ያዩት ሁሉ «አይዞህ፣ በርታ» አሉት። ድሮ «ማን እያሳደደህ ነው?» ነበር የሚሉት።

ሁለተኛው ቀን ላይ አከራዩ አብሽና ሽፈራው ይዘው በሩን አንኳኩ። ሦስተኛው ላይ ርእሰ መምህሩ ክፍለ ጊዜ ሊቀንሱለት ጠሩት። ዓይኑን የጣለባት ልጅ አክስት «በዘር ነው እንዴ?» ብላ በሰው አስጠየቀች። በሳምንቱ መጨረሻ እናቱ ከአዴት በጠዋቱ መኪና መጣች። በአንድ እጇ የጸበል ጀሪካን፣ በሌላው ዶሮ።

«ልጄን ይቺ ከተማ ጨረሰችው!»

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። ውሸቴን ነው።»

«አያችሁ? እንዲህ ያስለፈልፈዋል» አለች ለአከራዩ።

ማለላት። በጊዮርጊስ ማለላት። የጤና ጣቢያ ወረቀት አሳያት። እሷ ወረቀት አታምንም። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሻይ ተፈላ። እናት ብርጭቆ አነሳች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረችና አማሰለች።

«ደህና ከሆንክማ» አለችው፣ «ጠጣና ልየው።»

ጠጣው። አከራዩ እልል አሉ። ሁለተኛው ተቀዳለት።