ሕጉ የሚወጣው ኢየሩሳሌም፣ ባሕሩ የሚጠበቀው ኤላት

የኤላት ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በበዓልና በእረፍት ቀን ወደ ኤላት የምትወርዱ ወገኖቼ፤ አገር ያወጣውን ሕግ ከተማችን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው ልናገር ነውና ቃሌ ቢጎረብጣችሁም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የኤላት ነጻ የንግድ ቀጠና ሕግ የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። ሕጉ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ስላደረገን፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ሊነካው ያሰበ በመሰለ ቁጥር ከንቲባው፣ የምክር ቤቱ አባላት፣ ባለሱቁና የሆቴል ሠራተኛው በአንድ ቃል ይነሣሉ። ይህን ብርታታችሁን አልነቅፍም። የምነቅፈው፣ ያው ሕጉን ያወጣው ክኔሴት፣ የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ስላወጣቸው ሌሎች ሕጎች ስትጠየቁ «እሱ የመንግሥት ነገር ነው» ብላችሁ ፊታችሁን ማዞራችሁን ነው። በ1963 ወጥቶ በ1998 እንደገና የተጻፈው የብሔራዊ ፓርኮችና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎች ሕግ ኮራልን ጥበቃ ከሚደረግላቸው የተፈጥሮ ሀብቶች መካከል ስላስገባው፣ ኮራል መስበርም ሆነ ነቅሎ መውሰድ በሕግ ያስጠይቃል። በ1988 የወጣው ሕግ ከየብስ ወደ ባሕር የሚለቀቅ ፍሳሽ ያለ ፈቃድ እንዳይወርድ ይከለክላል። የ2004ቱ የባሕር ዳርቻ አካባቢ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ከውኃው ጠርዝ እስከ 300 ሜትር ወደ የብስ ያለውን መሬት ሁሉ የዳርቻ አካባቢ ብሎ ከጉዳት እንዲጠበቅ አዝዟል። ሦስቱም መልካም ሕጎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በተግባር የሚጸኑትም ሆነ ወረቀት ላይ የሚቀሩት እዚሁ ኢሪያው፣ የከተማው አስተዳደር፣ ደጃፍ ላይ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ጠባቂ በቅርብ የሚቆጣጠረው ጥብቁን ሥፍራ ነው፤ የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ ደግሞ ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ እስራኤል በቀይ ባሕሩ የኤላት ባሕረ ሰላጤ ላይ ያላት ዳርቻ በጠቅላላው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ውኃው ደግሞ አጥር አያውቅም። በክረምት ጎርፍ ሲወርድ የመንገዱን ቆሻሻ ይዞ የሚመጣው ከከተማ ነው፤ የፍሳሹ መስመር፣ ከግንባታ ቦታ የሚወጣው አፈር፣ በመዝናኛው ዳርቻ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው መብራት፣ ሞልቶ የሚፈሰው የቆሻሻ ገንዳ፣ ይህ ሁሉ በቅድሚያ የኢሪያው ኃላፊነት ነው። የፓርኩ ጠባቂ ቀኑን ሙሉ ቢቆም ከበስተጀርባው የሚወርደውን ሊያቆም አይችልም።

ጉዳዩን እንደ ቀላል ለምትቆጥሩት፣ በውኃው ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ የተሠራው በጣም ትንንሽ ከሆኑ እጅግ ብዙ ፍጥረታት ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው አንድ አፍና በአፋቸው ዙሪያ የሚዘረጉ ቀጫጭን ክሮች አሏቸው፤ ብዙዎቹ ክሮቻቸውን ቀን ሰብስበው ሌሊት ይዘረጓቸዋል። በሥጋቸው ውስጥ የሚኖረው በዓይን የማይታይ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጅላቸዋል። ውኃው ሲደፈርስ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ደለል ሲያርፍባቸው ደግሞ ልጋግ እያመነጩ አፈሩን ከላያቸው ለማንሸራተት ይታገላሉ፤ ለዚህ የሚያወጡት ጉልበት ለዕድገትና ለመራባት ከሚያስፈልጋቸው ላይ የሚቀነስ ነው። ክብ ድንጋይ የሚመስሉት ትልልቆቹ ዓይነቶች በዓመት የሚጨምሩት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ አባት የውኃ መነጽሩን ለማስተካከል ብሎ በላያቸው ሲቆም የሚገነጥለው ቁራጭ፣ አጠገቡ የሚዋኘውን ልጁን በዕድሜ ሊበልጠው ይችላል።

መብራቱንም በከንቱ አላነሣሁም። ብዙዎቹ የኮራል ዓይነቶች በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ሌሊቶች፣ ከጨረቃ ዑደት ጋር ተያይዞ፣ ዘራቸውን በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይለቃሉ፤ አንድ ላይ ካልለቀቁት አይገናኝም፣ ካልተገናኘም አዲስ ኮራል አይበቅልም። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት በዚሁ በእኛ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በአንዳንድ ዓይነቶች ላይ ይህ የጊዜ አንድነት እየፈረሰ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሠራሽ የሌሊት ብርሃን የኮራልን የመራቢያ ጊዜ እንደሚያዛባ ግን በሌሎች ጥናቶች ታይቷል። በባሕሩ ፊት ለፊት ያለውን መብራት ማደብዘዝ፣ አቅጣጫውን ወደ መሬት መመለስ የክኔሴት ድምፅ አይጠይቅም፤ የኢሪያው መሐንዲስ በአንድ ትእዛዝ ሊፈጽመው ይችላል።

«ዓለም እየሞቀ ነው፣ እኛ ምን እናመጣለን?» የሚል ሰው በየሰንበቱ ይገጥመኛል። ለዚህ ሰው የምመልሰው አለኝ። ሳይንቲስቶች እንደሚያስረዱት የባሕረ ሰላጤያችን ኮራሎች ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ከደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል፣ እጅግ ሞቃታማውን ውኃ እያቋረጡ ትውልድ በትውልድ ወደ ሰሜን የዘለቁ ናቸው፤ ሙቀቱን ያልቻለው መንገድ ላይ ቀርቶ የቻለው እዚህ ደረሰ። (ከእኛ ከቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች መካከል ይህን ሰምቶ ፈገግ የማይል ይኖራል ብዬ አላስብም።) በዚህም የተነሣ ሙቀትን ከሌሎች ባሕሮች ኮራሎች ይበልጥ ይቋቋማሉ፤ በሌላው ዓለም ያለው ኮራል በሙቀት ሲያልቅ እስከ መጨረሻው ሊቆዩ ከሚችሉት መካከል እንደሚሆኑም ይጠበቃል። ነገር ግን መቋቋማቸው ወሰን አለው፤ በውኃው ውስጥ የፍሳሽ ንጥረ ነገርና እንደ መዳብ ያለ ብረት ሲበዛ ያ አቅማቸው እንደሚቀንስ በዚሁ በኤላት የተደረጉ ምርምሮች አመልክተዋል። እንግዲህ የዓለምን ሙቀት ከንቲባው አይቆጣጠረውም፤ ኮራሉን ለሙቀት አሳልፎ የሚሰጠውን ብክለት ግን ሊቆጣጠረው ይችላል። «እኛ ምን እናመጣለን» ማለት በዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው አይሆንም።

ደግሞም ከዚህ በፊት አምጥተናል። የኤላት ፍሳሽ እስከ 1995 ድረስ ሳይጣራ ወደ ባሕር ይለቀቅ ነበር፤ ቆመ። በሰሜኑ ዳርቻ የነበሩት የዓሣ ማርቢያ የመረብ ጎጆዎች ውኃውን በናይትሮጅን ሲሞሉት ነዋሪዎች፣ ተመራማሪዎችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ለዓመታት ጮኸው መንግሥት በ2005 እንዲነሡ ወሰነ፤ በ2008 ተነሡ። ያኔም ሥራ የሚያጡ ሰዎች ነበሩ፣ ክርክሩም መራራ ነበር።

የነዳጁ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። የአውሮፓ እስያ የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ በ1968 ከኢራን ጋር በሽርክና የተቋቋመ ሲሆን፣ መርከቦቹ ነዳጅ የሚያወርዱበትና የሚጭኑበት ወደብ ከኮራሉ ብዙም አይርቅም። በ2020 ከኤሚሬቶች ባለሀብቶች ጋር በተፈረመው ስምምነት የሚመጣው ነዳጅ እጅግ ሊበዛ መሆኑ ሲሰማ ነዋሪው ወደ ዳርቻው ወጣ፣ የከተማው አስተዳደርም ተቃውሞውን በግልጽ አሰማ፤ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2021 በባሕረ ሰላጤው ላይ ተጨማሪ አደጋ እንዳይኖር በሚል መመሪያ በዓመት የሚተላለፈውን ነዳጅ በ2 ሚሊዮን ቶን ገደበው። አስተዳደሩ በዚያ ጊዜ ላደረገው ምስጋና ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ግን ምን ሆነ? ገደቡ እንዲነሣ ይደረግ የነበረው ግፊት አላቆመም፤ የቆመው የእኛ ጩኸት ነው። በታኅሣሥ 2014 ከከተማችን በስተሰሜን ባለው በኤቭሮና ጥብቅ ሥፍራ የዚሁ ኩባንያ ቧንቧ ፈንድቶ ወደ 5 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ በአካሲያ ዛፎቹ መካከል ሲፈስ የተበሳጨነውን ያህል፣ ቧንቧው ከመፈንዳቱ በፊት ስለ ደኅንነቱ የጠየቀ ከመካከላችን ስንት ነበር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በየካቲት 2021 በሜዲትራኒያን ዳርቻችን ላይ ሬንጅ ሲያርፍ አሸዋውን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በእጁ የለቀመው የየከተማው የኢሪያ ሠራተኛ እንደነበረ አይተናል። ሕጉን ያወጣው መንግሥት ቢሆንም አደጋው ሲደርስ ባልዲውን የሚያነሣው ከተማው ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ የመናገር መብቱም ግዴታውም የእርሱ ነው።

ኢሪያው «ሥልጣን የለኝም» ቢላችሁ አትቀበሉት። በ2008 የወጣው የአካባቢ አስተዳደሮች የአካባቢ ጥበቃ ማስከበሪያ ሕግ ለኢሪያ ተቆጣጣሪዎች የአገሪቱን የአካባቢ ሕጎች የማስከበርና ቅጣት የመጻፍ ሥልጣን ሰጥቷል፤ ተቆጣጣሪዎቹ የሚጽፉት የቅጣት ገንዘብም ለአስተዳደሩ ገቢ ይሆናል። መኪናችሁን በቀይና ነጭ መስመር ላይ ለአፍታ ብታቆሙ ወረቀቱን መስታወታችሁ ላይ የሚያስቀምጠው እጅ፣ አሸዋ ላይ ፕላስቲኩንና የሥጋ መጥበሻውን ከሰል ጥሎ ለሚሄደው ሲሆን ለምን እንደሚዝል ጠይቁ። እውነቱን ለመናገር መልሱ ግልጽ ነው፤ ለኢሪያው ብዙ አርኖና (የንብረት ግብር) የሚመጣው ከሆቴሎች ነው፣ እንግዳን ማስቀየምም አይፈለግም። እንግዳው ወደዚህ የሚመጣው ግን ስለ ባሕሩ መሆኑን የሚያስታውስ አንድ የምክር ቤት አባል እንዴት ይጠፋል?

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ቤተ እስራኤል ልመለስ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ወደዚህች አገር የገቡት በቀይ ባሕር ላይ ነው። በሱዳን ዳርቻ በአሩስ የነበረው የመዝናኛ ሰፈር፣ ኮራል ሊያዩ የሚመጡ ጠላቂዎችን እየተቀበለ፣ በስተጀርባው ወገኖቻችንን በሌሊት በጀልባ ወደ እስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ የማሻገሪያ ሽፋን ሆኖ ያገለግል ነበር። ኮራል ሽፋን ሆኖናል ስል አላጋነንሁም። እኛ ግን ዛሬ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ኤላት ወርደን ምን እናደርጋለን? ለዓሦች ዳቦ እንበትናለን፤ ይህ ደግነት መስሎን የምናደርገው ነገር የዓሣውን አመጋገብ ያበላሻል። ቁራጭ ኮራል በበረዶ ሣጥን ውስጥ፣ ከቢራው ሥር ደብቀን «ለሳሎን ጌጥ» ብለን ይዘን እንሄዳለን። የፓርኩ ጠባቂ ሲቆጣን ደግሞ በቆዳችን ምክንያት የመጣብን አድርገን እንቆጥረዋለን። መድልዎ መኖሩን የምክድ ሰው አይደለሁም፤ በብዙ ቦታ አለ፣ ስንታገለውም ኖረናል። ነገር ግን እውነተኛውን በደል የምናነሣበት ቃል እንዳይረክስ፣ ሕግ ጥሰን የተቆጣንን ቁጣ ከዚያ ጋር አንቀላቅለው።

በምርጫውም እንዲሁ ነን። ለክኔሴት ምርጫ ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ ግን የአገር ልጅ ነው፣ ዘመድ ነው፣ ለሠርጋችን መጥቷል ብለን ድምፃችንን እንሰጣለን። በየካቲት 2024 በተደረገው ምርጫ ስለ ፍሳሽ መስመር፣ ስለ ዳርቻው መብራትና ስለ ነዳጅ ወደቡ የጠየቅነው ተመራጭ ካለ ደስ ይለኛል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ አልሰማሁም። ተመራጩ ያልተጠየቀውን አይመልስም፤ ለዚህም ከእርሱ ይልቅ እኛ እንወቀሳለን።

ስለዚህ የማሳስባችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ግቡና ተቀመጡ። የግንባታ ዕቅድ ለሕዝብ ሲቀርብ እጎዳለሁ የሚል ሰው ተቃውሞውን የሚያስገባበት 60 ቀን አለ፤ በዳርቻው አካባቢ የሚሠራ ነገር ከሆነ ማስታወቂያውን አንብቡ፣ ቀኑ ሳያልፍም ጻፉ። ለተመራጮቹ የምታቀርቡት ጥያቄ አጭርና ቁጥር የሚፈልግ ይሁን፦ በዳርቻው የሚሰማሩ ተቆጣጣሪዎች ስንት ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ለባሕር ብክለት ስንት ቅጣት ተጻፈ፤ የቅጣቱ ገንዘብ ለምን ዋለ፤ ነዳጅ ቢፈስ ኢሪያው ያዘጋጀው ዕቅድ የት አለ፣ ለመጨረሻ ጊዜስ ልምምድ የተደረገበት መቼ ነው። መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። አዛውንቶቻችን ዕብራይስጡ ይከብደናል ብላችሁ ቤት አትቅሩ፤ ኩፓት ሆሊም (ጤና ጣቢያ) ስትሄዱ አብሯችሁ ገብቶ ለሐኪሙ የሚያስተረጉምላችሁ የልጅ ልጅ ኢሪያውም ጋ ገብቶ ሊያስተረጉም ይችላል።