ከላይ ቪላ፣ ከታች ጋሪ፦ የፊፍዝ ዊል ተሳቢ ቤቶች ፍሬን፣ አክስልና ጎማ ጉዳይ

ጎበዝ፣ ይህን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለም። እዚህ አሜሪካ ፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚታሰረውን ፊፍዝ ዊል ተሳቢ ቤት ለመግዛት ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ የሚያሳዩዋችሁ ምንድን ነው? የእሳት ምድጃውን፣ ባለ ሁለት በር ፍሪጁን፣ ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ጎን ተገፍቶ የሚወጣውን ሳሎን። ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩ የሚላችሁ አንድም ሰው የለም። ቤተሰብ ጭኖ በሰዓት 65 ማይል የሚሄደውን ይህን ሁሉ ቤት የሚያቆመውና የሚሸከመው ግን ከሥር ያለው ነው። ፋብሪካው ቁጠባ ያደረገውም እዚያው ላይ ነው።

ሂሳቡን እዩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የተሳቢው ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት 16,500 ፓውንድ ነው ይላል እንበል። ከሥር ያሉት ሁለት ባለ 7,000 ፓውንድ አክስሎች (ጎማዎቹ የሚታሰሩባቸው አግዳሚ ብረቶች) ናቸው፤ ድምራቸው 14,000። የቀረው 2,500 የት ሄደ? ተሳቢው ከፒክአፑ ጋር በሚያያዝበት ኪንግፒን ላይ፣ ማለትም በፒክአፑ ጀርባ ተቆጥሯል። ከክብደቱ 20 በመቶው ፒኑ ላይ ካረፈ አክስሎቹ 13,200 ይሸከማሉ፤ ይህ ያስኬዳል። የፒኑ ድርሻ ወደ 15 በመቶ ከወረደ ግን አክስሎቹ ላይ 14,025 ያርፋል፤ ከአቅማቸው አልፏል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ነገር አያስፈልግም። የንጹህ ውሃው ታንክ ከአክስሎቹ ኋላ ከሆነ 60 ጋሎን ውሃ ብቻውን 500 ፓውንድ ነው፤ ኋላውን ተጭኖ ፊቱን ያቀለዋል። ቤቱ ሙሉ ሆኖ ውሃ ስለሞላችሁ ብቻ አክስላችሁ ከልኩ ያልፋል ማለት ነው።

ጎማው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ይብሳል። 13,200ን ለአራት ጎማ አካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ 3,300 ይደርሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ST235/80R16 ሎድ ሬንጅ ኢ (ሎድ ሬንጅ የጎማው የመሸከም ደረጃ ነው) በ80 ፒኤስአይ የነፋስ ግፊት የሚችለው 3,520 ፓውንድ ነው። የተረፈው 220 ፓውንድ ብቻ! ያውም ይህ አማካይ ነው። ኩሽናውና ተገፍቶ የሚወጣው ሳሎን ያሉበት ወገን ሁልጊዜ ከሌላኛው ይከብዳል፤ ስለዚህ አንዱ ጎማ 3,000 ሲሸከም ሌላው 3,600 ሊሸከም ይችላል። ከዚያ ጎማው በሐምሌ ሙቀት ኔቫዳ ላይ ሲፈነዳ «መጥፎ ጎማ ነው» ይባላል። ጎማውማ ከልኩ በላይ ተጭኖበት ነው የፈነዳው።

ስለዚህ አንዲት ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መዝኑ። ትራክ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች የጭነት መኪና ሚዛኑን ካት ስኬልን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ የአክስል ክብደት ይገኛል። የእያንዳንዱን ጎማ ጫና ግን አይነግራችሁም። ለዚያ የኤስኬፒስ አርቪ ክለብ ስማርት ዌይ የሚባለው አገልግሎት አለ፤ ጎማ በጎማ ይመዝናል። ቤቱ ሙሉ ዕቃው ተጭኖ፣ ውሃው ተሞልቶ ይመዘን። ባዶ ቤት መዝኖ አክስል ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ። በአየር ፍሬን ለለመደ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነው። ከፒክአፑ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ውስጥ ያለችን ማግኔት ያነቃታል፤ ማግኔቷ የሚሽከረከረው ታምቡር ላይ ትለጠፍና አንዲት ክንድ ትስባለች፤ ክንዷ ታምቡሩን ፈትጎ የሚያቆመውን ሸራ ትገፋለች። የፍሬኑ ስፋት 12 በ2 ኢንች ነው፤ ለ5,200 ፓውንድ አክስል የሚገጠመው ስፋት ለ7,000ውም ያው ነው። በደንብ ተይዞ እንኳ የአቅሙ ጫፍ ላይ ያለ ፍሬን ነው፤ ያልተያዘ ከሆነማ የለም ብትሉ ይቀላል።

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ፍሬኑ አልይዝ ሲል በቀጥታ ዲስክ ፍሬን ይታዘዛል። መጀመሪያ አምፔር ለኩ! የ12 ኢንች ማግኔት ሬዚስታንስ 3.2 ኦም አካባቢ ነው። አራቱ አንድ ላይ በ12 ቮልት ወደ 15 አምፔር መሳብ አለባቸው። መለኪያው 9 ወይም 10 ካለ ችግሩ ሽቦው ነው። ፋብሪካው ቀጭን ሽቦ ዘርግቶ፣ በርካሽ መቆንጠጫ አገናኝቶ፣ ከሥር ለጨውና ለውሃ አጋልጦ ትቶታል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ሽቦውን በአክስሉ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው መስደዱ ነው። መንገድ ላይ ሽቦው እየተንቀጠቀጠ የቱቦውን አፍ ሲመታ ልባሱ ይላጥና ብረት ይነካል፤ ከዚያ ፒክአፑ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ «ሾርት» ይላል፤ ያውም አንዳንዴ ብቻ፣ ጎርበጥባጣ ላይ። መፍትሔው ወፍራሙን ባለ 10 ቁጥር ሽቦ ከፊት እስከ ኋላ መዘርጋት፣ በአክስሉ ውጭ በመከላከያ ቱቦ ማሳለፍ፣ መመለሻውንም በሻሲው ከማመን ለብቻው ሽቦ መስጠት ነው። መገናኛው ሙጫ ባለው፣ በሙቀት በሚጨመደድ ቱቦ ይዘጋ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ቀጥሎ ግራሶ፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ የሚያለሰልሰው ቅባት። ፋብሪካው ከአክስሉ ጫፍ ላይ በፓምፕ ግራሶ የሚገባባት ቀዳዳ ሰርቶ «ቀላል ነው» ይላል። ጎማውን አንስቶ፣ እያሽከረከረ፣ በቀስታ ካልገፋ ግራሶው እንዳይወጣ የሚያግደውን ፓራኦሊ ጥሶ ሸራውና ማግኔቱ ላይ ይፈሳል። ግራሶ የነካው ሸራ ቢጠረግ፣ ቢታጠብ አይመለስም፤ መጣል ነው፤ ያውም በአክስሉ በሁለቱም ወገን መቀየር አለበት፣ አለዚያ ተሳቢው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሸራው ራሱን የማያስተካክል ዓይነት ከሆነ ከመጀመሪያው 200 ማይል በኋላ፣ ከዚያም በየ3,000 ማይሉ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ የማስተካከያዋን ጥርስ እያዞሩ ጎማው እስኪጠብቅ ማስጠጋት፣ ከዚያ ትንሽ ሲነካካ እስኪሰማ መመለስ ነው። ይህን የሚያደርግ ስንት ሰው አለ?

ሽቦውና ማስተካከያው ከተስተካከለ በኋላም ለከባድ ቤት ዲስክ ፍሬን ዋጋው ይገባዋል እላለሁ፤ በተለይ ኮሎራዶ ያሉትን ቁልቁለቶች ለሚወርድ። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው ይርቀዋል፣ ኃይሉም ይደክማል፤ ዲስክ ግን ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል። ለሁለት አክስል የሚያስፈልገው አራት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት) ከዲስኩ ጋር፣ አራት ካሊፐር (ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው) ከሸራው ጋር፣ አራት መያዣ ብረት፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ፓራኦሊ፣ የፍሬን ቱቦዎችና ኤሌክትሪኩን ወደ ዘይት ግፊት የሚቀይር አክቹዌተር ነው። ለ7,000 ፓውንድ አክስል የውስጡ ኩሽኔታ 25580፣ የውጩ 14125A ነው፤ ነገር ግን አሮጌውን አውጥታችሁ ቁጥሩን ሳታነቡ አትዘዙ። አክቹዌተሩ ላይ አትሳሳቱ፤ ለታምቡር የሚሠራው 1,000 ፒኤስአይ ነው፣ ለዲስክ 1,600 ያስፈልጋል። 1,000ውን በርካሽ ገዝቶ ዲስክ ላይ የገጠመ ሰው ከድሮው የባሰ ፍሬን ይዞ ይወጣል። ከባትሪው የራሱ ወፍራም ሽቦና ሰርኪት ብሬከር ይሰጠው። ተሳቢው ከፒክአፑ ቢላቀቅ ፍሬን የሚያስይዘው ገመድ ያለው ስዊች ከአክቹዌተሩ ጋር መገናኘቱን ፈትሹ። የፒክአፑ መቆጣጠሪያም ኤሌክትሪክ ኦቨር ሃይድሮሊክ ወደሚለው መቀየር አለበት፤ አንዳንድ መቆጣጠሪያ ደግሞ ይህ የለውም። አየሩን ከቱቦው ስታወጡ ከአክቹዌተሩ በጣም ከራቀው ጎማ ጀምሩ።

ኩሽኔታው ሲገጠም ዳዶውን ሞዞውን እያሽከረከሩ ወደ 50 ፉት ፓውንድ ማጥበቅ፣ ሞዞውን ሳያዞሩ መፍታት፣ ከዚያ በጣት ብቻ ማስጠጋትና መቆለፊያውን ማጠፍ ነው። በጉልበት አጥብቆ የተወው ሰው ኩሽኔታውን አቃጠለው ማለት ነው።

ስለ ጎማና ቸርኬ ያለኝ ንዴት ይለያል፤ ሰው ጎማውን ብቻ ነው የሚያየው። «ሎድ ሬንጅ ጂ ገጥሜያለሁ፣ 110 ፒኤስአይ፣ 4,400 ፓውንድ» ይላል፤ ቸርኬው ግን ለ80 ፒኤስአይ የተሠራው የድሮው ነው! የቸርኬውን ጀርባ አንብቡት፤ የሚችለው ክብደት እዚያ ተቀርጿል። ፒኤስአይው ካልተጻፈ ከሠሪው ጠይቁ። የጎማውን ነፋስ መሙያ አፍም ተመልከቱ፤ የላስቲክ ከሆነ ለ110 አይሆንም፣ በዳዶ የሚታሰር ብረት ይሁን። ሸክሙን የሚወስነው ከሁሉም ደካማው ክፍል ነው። የጎማውን ዕድሜም ጎኑ ላይ ካሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ታገኙታላችሁ፤ 2319 ማለት በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና አዲስ ቢመስልም ስድስት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። በጣም ለሚከብድ ቤት 215/75R17.5 ሎድ ሬንጅ ኤች በ125 ፒኤስአይ 4,805 ፓውንድ ይሸከማል፤ ቁመቱም ከ16ቱ ጋር ስለሚቀራረብ በሁለቱ ጎማዎች መሃልና ከላይ ካለው መከለያ ጋር ብዙ አይጋጭም። ግን ለክታችሁ።

አክስሉን ወደ 8,000 ፓውንድ መቀየር የሚያስፈልገው መለኪያው ካዘዘ ብቻ ነው። የ7,000ው ቱቦ 3 ኢንች ውፍረት አለው፣ የ8,000ው 3.5፤ ስለዚህ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስረው ዩ ቦልትና ከሥሩ ያለው ሳህን አብረው ይቀየራሉ። አሮጌ ዩ ቦልት መልሶ ማሰር የለም። ፍሬኑ ወደ 12.25 በ3.375 ስለሚያድግ ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው። ባሌስትራው ግን ይጠነክራል፤ 12,500 ለሚጭን ቤት የ8,000 ባሌስትራ መስጠት ጎርበጥባጣውን ሁሉ ወደ ሻሲውና ወደ ቁም ሳጥኖቹ መላክ ነው፤ ብሎኖች እየላሉ በሮች ይወልቃሉ። ስታዝዙ ሁለት ልኮችን ከአሮጌው አክስል ውሰዱ፦ ከጎማ ማረፊያ ፊት እስከ ጎማ ማረፊያ ፊት፣ እና በሁለቱ ባሌስትራ መቀመጫዎች መሃል። ክሪኩን ግን አክስሉ መሃል ላይ አታድርጉ፤ ቱቦው ይታጠፍና ጎማ ይበላል። ከሻሲው አንሱ።

አክስሉ ከገባ በኋላ ከኪንግፒኑ መሃል እስከ ፊተኛው አክስል ሁለት ጫፎች ለኩ፤ ልዩነቱ ከ1/8 ኢንች እንዳይበልጥ። ከፊተኛው እስከ ኋለኛውም በሁለቱም ወገን 1/16 ውስጥ ይሁን። ባሌስትራው የሚንጠለጠልባቸው ብሎኖች ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ቶሎ ያልቅና ብረት ብረት ይበላል፤ በነሐስ ቡሽ፣ ግራሶ በሚገባባቸው ብሎኖችና በወፍራም ማንጠልጠያ ቀይሩት። አክስል ሳትቀይሩም ይህ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ግድግዳው ላይ ያለው 16,500 አይለወጥም። ትልቅ አክስል ስለገባ ተጨማሪ ዕቃ መጫን ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ የተገኘው መጠባበቂያ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለጋራዦች። ጎማ በአየር ሽጉጥ አጥብቃችሁ «ጨርሰናል» አትበሉን። የ1/2 ኢንች ብሎን ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ ነው፣ በሦስት ዙር፣ በኮከብ ቅርጽ፣ በቶርክ ሬንች። ወፍራም ብሎን ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የሠሪውን ሰንጠረዥ ክፈቱ። ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ እንደገና መጥበቅ እንዳለበት ደረሰኙ ላይ ጻፉልን፤ ያጠበቃችሁበትን ቁጥርም አብራችሁ ጻፉት።